ባላገር ሽፋን

በሮዛሪዮ ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ወጣ ብሎ፣
አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ቤት፣ ጣሪያው በጎን አዘንብሎ፣
እኔን ቀጥሮኝ ነበር፤ ሥራዬ ካርድ መሙላት፣
ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት፣ የገጽ ብዛት፣
ከሁሉ በታች ሽፋን፤
ወይ «ካርቶኔ» ወይ «ሩስቲካ»፣ ሦስተኛ ቃል አልነበረን።

ጠራዡ ዶን አቤላርዶ፣ ጣቱን ሙጫ ያደረቀው፣
ልዩነቱን ያስተማረኝ በጆሮ ነው፣ እሱ በሚያውቀው፤
ካርቶኔውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «ስማ» አለኝ፣
ቋ! እንደ አበዳሪ እጅ በር ላይ፣ አስደነገጠኝ።
ሩስቲካውን ሲጥለው ግን ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለስላሳ፣
ተዘረጋ፣ በጎኑ ተኛ፣ ደግሞም አልተነሳ።
«ያ ቋሚ ነው፣ ይኼ ተኚ፤ ሌላውን ገበያው ያውቃል»
አለና ወደ መርፌው ተመለሰ።

ኔሊዳ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ መብራት ሲበራ ትመጣለች፣
ጋሪዋን እንደ በቅሎ በደረቷ ትጎትታለች፤
ከጫማ ቤት፣ ከፋርማሲ፣ ከሱፐርማርኬት ጓሮ
የለቀመችው ካርቶን፣ በገመድ ታስሮ፣
ኪሎው በስምንት ሳንቲም።
የምንገዛው ለመጠቅለያ ነው፤ ለሌላ አይደለም።
አገሯ ቻኮ ነው። ቤተሰቧ ጥጥ ለቃሚ ነበሩ፣
ማሽን ሲመጣ ግን ከነእጃቸው ተባረሩ።

አንድ ምሽት ስታራግፍ መደርደሪያው ላይ ዐይኗ አረፈ፣
ጣቷ ፊደሉን ተከትሎ እየተንፏቀቀ አለፈ፤
«ካር…ቶ…ኔ። ዐሥራ አምስት ፔሶ።»
ወደ እኔ ዞረች። «የእኔ ነው? የስምንት ሳንቲሙ?
እዚህ ገብቶ ምን ቢበላ ነው እንዲህ የወፈረው?»

«የለም» አልኳት፣ «ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው፤
ውስጡ ካርቶን ቢሆንም ላዩ ጨርቅ ነው የለበሰው፤
ጀርባው ላይ ወርቅ ቅብ አለ፣ ጥጉ አይታጠፍም፤
ያንቺ ግን…» ብዬ ዋጥኩት። የእሷን ምን እንደምለው አላውቅም።

«ይኼስ? ባለ አራት ፔሶው? ሩስቲካ ብላችሁ የጻፋችሁት?
ባላገር ማለታችሁ ነው? እንደ እኔ ያለውን ነው ያላችሁት?»

ሺህ ጊዜ የጻፍኩት ቃል ነው።
አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም ነበር።

«እንግዲያማ ገባኝ» አለች ገመዷን እየቋጠረች፣
«የተጫነው ጌታ ሆነ፣ ጫኚዋ ባላገር ቀረች።»
ሳቀች። ዶን አቤላርዶም ከጓዳ ሳቀ።
እኔ ካርዱን አገላበጥኩ።

በሳምንቱ ደብተር ይዛ መጣች፤ የኪሎና የዕዳ፣
ጥጉ እንደ ጎመን ቅጠል የተጠቀለለ፣
ከዘይቱ ከላቡ ብዛት ቀለሙን የከዳ።
«ጥረዙልኝ።»
«ካርቶኔ ወይስ ሩስቲካ?» አላት፣ እንደ ማንም ደንበኛ።
«ቁም ሲሉት የሚቆም፣ ተኛ ሲሉት የሚተኛ።»
«እንዲህ ያለ አይሠራም።»
«እኔስ? አልተሠራሁም?»

ከራሷ ጋሪ የሙዝ ሳጥን መዘዘ፤ ለካ፣ ቆረጠ፣
በሰም የታሸ ክር ወስዶ ሰባት ቦታ ላይ ሰፋው።
የሙዙ ሥዕል ግማሹ ቀረ፣ ከሥሩም ጽሑፉ፦
«ይህ ጎን ወደ ላይ»፣ ከነቀስቱ።

ሚያዝያ ላይ ሦስት ቀን ዘነበ።
ካርቶን ሲርስ ይከብዳል፤ ባለ ሚዛኑ ግን ያውቃል፣
በዐይኑ ውሃውን ጨምቆ ከኪሎው ላይ ይቀንሳል።
ኔሊዳ ከጉያዋ ደብተሩን አወጣች፤ ሽፋኑ አብጦ፣
ቀጥ ያለው ጥጉ ላልቶ፣ እንደ አሮጌ ኮፍያ ተልመጥምጦ።
ክሩ ግን ይዟል።
«አየህ» አለችው ዶን አቤላርዶን፣ «ተሠራ።»

ማታ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ለራሴ አንድ ካርድ ሞላሁ፤
ርዕስ፦ የለውም።
ገጽ፦ ዘጠና ስድስት።
ሽፋን፦
እዚያ ጋ ብዕሬ ቆመ፤ ቀለሙ ነጥብ ሠራ፣ ነጥቡም ሰፋ።

እሷ ደብተሩን ገልብጣ ነው የምትይዘው፣
ቀስቱ መሬቱን እያሳየ።